ከመናኸሪያው ፍተሻ እስከ አብራሪው በር

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዷ ለትምህርት ወደ ውጭ ልትሄድ ነበርና ልንሸኛት ከሐዋሳ አብረናት ተነሳን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያው በር ላይ ተሰልፈናል። ብርዱ ያንሰፈስፋል፤ ረዳቶቹ «አዲሳባ! አዲሳባ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ እኛ ሴቶቹ በሌላው ወገን ሆነን እየተዳበስን እንገባለን። ተራው የጓደኛችን እናት ላይ ሲደርስ ፈታሿ ዘንቢላቸውን ከፈተችና በጨርቅ የተጠቀለለ የፕላስቲክ ዕቃ አወጣች።

«ይሄ ምንድን ነው እናቴ?»

«ቅቤ ነው ልጄ። ልጄ አገር ልትለቅ ነው፣ ለእሷ ነው።»

ፈታሿ ክዳኑን ከፍታ፣ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «እሰይ! የነጠረ ነው። ይለፉ እናቴ፣ በሰላም ያግባት» ብላ አሳለፈቻቸው።

አውቶቡሱ ሞልቶ ወጣ። ጥቁር ውሃን ተሻግረን፣ ሻሸመኔ ሳንደርስ ቆመ። ከመንገድ ዳር አራት ሰዎች ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ ተሸክመው ገቡ። ትርፍ መሆናቸው ነው። የፈተሻቸው የለም፤ ማዳበሪያው ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀም የለም። መተላለፊያው ላይ ዱካ ተዘርግቶላቸው፣ አንድ በአንድ ከተዳበስነው ከእኛ ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ። የጓደኛችን እናት ዞር ብለው አይተው «ታዲያ እኛን ምን አስፈተሸን?» አሉ። አውቶቡሱ በሳቅ አወካ።

ማታ አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ስንደርስ ደግሞ የታወቀው ሥነ ሥርዓት ተጀመረ። ቀበቶ ይፈታል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ስልክና ሳንቲም በሣጥን ይቀመጣል። ሸኚ ከውጭ ይቀራል። ያቺ ቅቤ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ብትሆን ኖሮ ከመቶ ሚሊ ሊትር የምትበልጥ ነገር ናትና ማለፍ አትችልም ነበር፤ ይህን ስለምናውቅ አስቀድመን ከትልቁ ሻንጣ ጋር አስገባናት፤ ከተሳፋሪዎቹ እግር ሥር ባለው የዕቃ ክፍል ማንም ምንም ሳይላት ሄደች። እናትየው በመስታወቱ በኩል ልጃቸው ጫማዋን ስታወልቅ እያዩ «አሁን እውነት ይሄ ነው የሚጠብቃት?» ብለው ጠየቁን።

ጥያቄዋ እንደ ቀልድ የተወረወረች ብትሆንም አልለቀቀችንም። ጋዜጠኝነት መማራችን ለሌላ ነገር ባይጠቅመን የድሮ ነገር ለማገላበጥ ጠቅሞናልና መልስ ፍለጋ ገባን። ደግሞም ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በአውሮፕላን ጠለፋ ብዙ ካዩ አገሮች አንዷ የእኛዋ ኢትዮጵያ ናት። የአገር ቤቱን ታሪክ በእኛው አቆጣጠር እንነግራችኋለን፤ የውጭውን ሲሆን እ.ኤ.አ. እንላለን።

ከ1961 ዓ.ም. እንጀምር። በዚያ ዘመን አውሮፕላን ላይ መውጣት አውቶቡስ ላይ ከመውጣት ብዙም አይለይም ነበር። ትኬት ይታያል፣ ሻንጣ ይመዘናል፣ በደረጃው ይወጣል። ጫማ የሚያስወልቅ ቀርቶ ኪስ የሚዳብስ አልነበረም፤ በአብዛኛው ዓለም እንዲያ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት 2 ቀን ፍራንክፈርት ላይ በቆመ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 707 ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። ተሳፋሪ አልነበረበትም፤ የተጎዱት አውሮፕላኑን ሲያጸዱ የነበሩ ሴቶች ናቸው። ሰኔ 11 ቀን ደግሞ ካራቺ ላይ ሌላ ቦይንግ ጥቃት ደረሰበት። ሁለቱም ከኤርትራ ነፃ አውጪ ግንባር (ጀብሃ) ጋር የተያያዙ ነበሩ።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1961 ዓ.ም. ሰባት ተማሪዎች ከባሕር ዳር የተነሳ ዲሲ-3 አውሮፕላን ጠልፈው ካርቱም አወረዱት። ከመካከላቸው ብርሃነመስቀል ረዳ ይገኝበታል፤ በኋላ ኢሕአፓን ከመሠረቱትና ከመሩት አንዱ የሆነው ማለት ነው። ወር ቆይቶ ሌላ አውሮፕላን ወደ ኤደን ተጠለፈ። በጥር 1963 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ዲሲ-3 ወደ ሊቢያ ተወሰደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። የዚያን ትውልድ ታሪክ ስናነብ ጠለፋው ሁልጊዜ የሚተረከው ከጠላፊው መቀመጫ ነው። ማን አቀደው፣ ማን ሽጉጡን አመጣው፣ ካርቱም ላይ ማን ተቀበላቸው፣ ከዚያ ወዴት አቀኑ፤ ይህ ሁሉ ተጽፏል። ያን ዕለት ዘመድ ጥየቃ ብሎ፣ ወይም ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ብሎ የተሳፈረው ሰውዬ ግን ታሪክ ውስጥ የለም። የት ተቀምጦ ነበር? ምን ብሎ ጸለየ? ካርቱም ላይ ማን ውኃ ሰጠው? ጠላፊዎቹን ጀግና የሚል አለ፣ ወንጀለኛ የሚል አለ፤ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም፤ ተሳፋሪውን ግን ሁለቱም ወገን ረስቶታል። ስለ ተሳፋሪ ደኅንነት ስናወራ እንግዲህ የምናወራው ስለዚህ ስም ስለሌለው ሰው ነው።

የንጉሡ መንግሥት መልስ ፍተሻ ሳይሆን ጠመንጃ ሆነ። ሲቪል የለበሱ ታጣቂዎች ከተሳፋሪው ጋር ተቀላቅለው እንዲበሩ ተደረገ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1962 ዓ.ም. ከማድሪድ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ አውሮፕላን ላይ ሁለት ሰዎች በእነዚሁ ጠባቂዎች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የመጣችው ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ናት።

ያን ቀን በረራ ቁጥር 708 ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራና ከዚያም ወደ አውሮፓ ለመሄድ ተነሳ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሰባቱ ሽጉጥና የእጅ ቦምብ የያዙ ወጣቶች ነበሩ። «የብሔረሰቦች ጥያቄ»ን የጻፈው ዋለልኝ መኮንን አለበት፤ የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱ አለችበት። ተነስተው መጠለፉን ሲያውጁ ጠባቂዎቹም ተነሱ። በዚያ ጠባብ ቱቦ ውስጥ፣ መሬት በሌለበት፣ ተኩስ ተከፈተ። ከሰባቱ ስድስቱ ሞቱ፤ ታደለች ኪዳነማርያም ብቻ ተረፈች። ቦምብ ፈንድቶ አውሮፕላኑን አቆሰለው፤ አብራሪዎቹ ግን እንደቆሰለ ይዘውት ተመልሰው አዲስ አበባ በሰላም አሳረፉት።

ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንዱ «ጠባቂዎቹ ባይኖሩ ኖሮ አውሮፕላኑ ይጠለፍ ነበር» ይላል። ልክ ነው። ሌላው ደግሞ «ጠባቂዎቹ ባይተኩሱ ኖሮ ቦምቡ ላይፈነዳ፣ ያ ሁሉ ተሳፋሪ ሞት አፋፍ ላይደርስ ይችል ነበር፤ ከዚያ በፊት እንደተጠለፉት ሁሉ አንድ ቦታ አርፎ ሰዉ ይወርድ ነበር» ይላል። ይህም ከልክ አይርቅም። ለእኛ ጎልቶ የታየን ግን ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሽጉጥና ቦምብ መሬት ላይ፣ በር ላይ፣ አንድ ዳባሽ ቢኖር ሊቀር የሚችል ነበር። ሰባት ሰው ከነመሣሪያው ገብቶ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የዕድል ጉዳይ ሆነ።

ዓለምም በዚያው ሰሞን ነው ወደዚህ ሐሳብ የደረሰው። አሜሪካ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከመቶ በላይ ጠለፋ አይታለች። አንዳንዱ ወደ ኩባ ለመሄድ፣ አንዳንዱ ለገንዘብ። አየር መንገዶቹ ደንበኛ ይሸሸናል ብለው ፍተሻን ሲቃወሙ ቆዩ። በኅዳር ወር 1972 እ.ኤ.አ. ግን ጠላፊዎች የያዙትን አውሮፕላን የአቶም ማዕከል ላይ እንጥለዋለን ብለው ሲያስፈራሩ ነገሩ አበቃ፤ በጥር 1973 እ.ኤ.አ. ተሳፋሪ ሁሉ፣ የእጅ ሻንጣም ሁሉ፣ እንዲፈተሽ ታዘዘ። የአሜሪካ ጠለፋ ከዚያ በኋላ በእጅጉ ወረደ። ስለዚህ ፍተሻን ሙሉ በሙሉ ለማጣጣል የተነሳ ሰው ካለ ይህን ያስብ። ሽጉጥ የሚይዝ በር ሽጉጥን ያስቀራል።

ችግሩ በሩ የሚይዘው ሽጉጥን ብቻ መሆኑ ነው። አንዳንዴም እሱንም አይይዝም። የካቲት 4 ቀን 1985 ዓ.ም. ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የሉፍታንዛ አውሮፕላን ተጠልፎ ኒው ዮርክ ድረስ ተወሰደ። ጠላፊው የሃያ ዓመት ኢትዮጵያዊ ወጣት ነበር። የያዘው እውነተኛ ሽጉጥ እንኳ አይደለም፤ የሩጫ ማስጀመሪያ ናት። እንዴት አሳለፋት ቢባል ባርኔጣው ሥር ደብቆ ነው! የፍተሻው በር ጋ ሲደርስ ባርኔጣውን ከነጉዷ አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አኖረ፣ በበሩ አለፈ፣ በሩ ዝም አለ፣ ባርኔጣውን አንስቶ ሄደ። ይህ የሆነው ጠንቃቃ በሚባሉት በጀርመኖቹ አገር ነው። ኒው ዮርክ ሲያርፉ ደግሞ ሽጉጧን ያስረከበው ዋና አብራሪው የፀሐይ መነጽሩን ሊሰጠው ተስማምቶ ነው። ሽጉጥ በመነጽር! ብንጽፈው ልብወለድ ትሉን ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን አልሳቀም፤ 20 ዓመት ፈረደበት።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ በረራ ቁጥር 961። ቦይንግ 767 አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢና ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሊሄድ 175 ሰው ይዞ ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ወጣቶች ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገቡ። ብዙ ነን አሉ፤ ቦምብ ይዘናል አሉ። ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ለናይሮቢ የተሞላ እንጂ አውስትራሊያ የሚያደርስ አለመሆኑን ቢያስረዷቸው አላመኑም፤ የአየር መንገዱ መጽሔት ላይ አውሮፕላኑ ሳያርፍ ምን ያህል መብረር እንደሚችል አንብበው ነበርና «ትዋሸናለህ» አሉ። (መጽሔቱ የሚናገረው ታንከሩ ጢም ብሎ ሲሞላ ስላለው ነገር መሆኑን የሚነግራቸው ማን ይስሙ!)

የያዙት ምን ነበር? በኋላ እንደተደረሰበት «ቦምብ» የተባለው ያልተከፈተ የመጠጥ ጠርሙስ ነው። እጃቸው የገቡት መሣሪያዎች ደግሞ መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ ነበሩ፤ ሁለቱም የአውሮፕላኑ የራሱ ዕቃዎች ናቸው፤ ለደኅንነት ተብለው የተቀመጡ።

እስኪ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያን ቀን በሩ ላይ ዛሬ ያለው ፍተሻ ሁሉ ቢኖር ኖሮ ምን ይገኝ ነበር? የሦስቱን ወጣቶች ጫማ አስወልቆ፣ ቀበቶ አስፈትቶ፣ በኤክስሬይ አሳልፎ ምን ይያዝ ነበር? ምናልባት ጠርሙሱ። ጠርሙሱ ባይኖር ደግሞ «ቦምብ አለን» የሚለው ቃል ይኖራል፤ ቃል በኤክስሬይ አይታይም። ሦስቱ ሰዎች አንድን ትልቅ አውሮፕላን የያዙት በውሸት ነው። ውሸቱ የሠራው ደግሞ ከእውነተኞቹ ቦምቦች ታሪክ የተነሳ ነው፤ ከ1965 ዓ.ም. ወዲህ አውሮፕላን ውስጥ «ቦምብ» የሚል ቃል ሲጠራ የሚጠራጠር ሰው አይገኝም።

ካፒቴን ልዑል ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፈው ያውቃሉ። ሁለቱም ጊዜ በሰላም ነው ያበቃው። በሦስተኛው የቻሉትን አደረጉ፤ ወደ ክፍት ውቅያኖስ እንዲያቀኑ ሲታዘዙ የአፍሪካን ዳርቻ ተከትለው ወደ ደቡብ በረሩ፤ ከዚያ ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች ጠመዘዙ። ነዳጁ አለቀ። አንደኛው ሞተር ዝም አለ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። ረዳት አብራሪው ዮናስ መኩሪያ ተደብድበው ከክፍሉ ተባርረው ነበር፤ መጨረሻ ላይ ተመልሰው ከካፒቴኑ ጋር መሪ ያዙ። ከአንዱ ጠላፊ ጋር እየታገሉ፣ ሞተር የሌለውን አውሮፕላን ከግራንድ ኮሞሮ ደሴት ዳርቻ፣ አንድ የቱሪስት ሆቴል ፊት ለፊት፣ ባሕሩ ላይ አሳረፉት። ክንፉ ውኃውን ነካ፤ አውሮፕላኑ ተሰባበረ። 125 ሰው አለቀ። የ1977ቱን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚንም ከሟቾቹ አንዱ ነው። 50 ሰው ግን ተረፈ። የባሕር ዳርቻው ሰውና ቱሪስቶቹ በጀልባም በዋናም ደርሰው አወጧቸው።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ያንገበግባል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ አደጋው ራሱ አልነበረም የገደላቸው። ሕይወት አድን ሰደርያቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ ነፉት፤ ውኃው ሲገባ ሰደርያው ወደ ጣሪያው አንሳፎ ያዛቸውና መውጣት አቃታቸው። «ከአውሮፕላኑ እስክትወጡ ድረስ እንዳትነፉት» የሚለው ትእዛዝ በእያንዳንዱ በረራ መነሻ ላይ ይነገራል። እኛም እንሰማዋለን፤ ማለትም ስልካችንን እየነካካን እናሳልፈዋለን። ለጫማ ማውለቅ ሃያ ደቂቃ ተሰልፈን እንታገሳለን፤ በእርግጥ ሕይወት ያተረፈችውንና ያጠፋችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ጆሮ አንሰጣትም። ያን ሰልፍ ደኅንነት ነው ብለን ስለምናምን ከመቀመጫችን በኋላ ያለው ሥራ የሌላ ሰው ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም ሁሉም ያውቀዋል፣ ቶሎ እንለፈው። መስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. መጣ፤ የአብራሪዎቹ ክፍል በር ጥይት የማይበሳው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አንድ ሰው ጫማው ውስጥ ፈንጂ ደብቆ ተያዘ፤ የዓለም ሕዝብ ጫማ ማውለቅ ጀመረ። በ2006 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በፈሳሽ ፈንጂ የታቀደ ሴራ ተደረሰበት፤ የመቶ ሚሊ ሊትሯ ሕግ መጣች፤ የእናቶቻችን ቅቤም ተጠርጣሪ ሆነች። ልብ በሉ፤ እያንዳንዷ ሕግ ያለፈው ሰውዬ የሞከረውን የምታስታውስ ናት። በ2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የራሱን ሰዎች የተመሳሰለ መሣሪያና ፈንጂ አስይዞ ፈታሾቹን ቢፈትን ከ70 ሙከራ 67ቱ ሳይያዙ አለፉ። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ጫማ ማስወለቁን ተወችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያወለቅነውን ቆጥሮ ይቅርታ የጠየቀን ግን የለም።

ያ ከውስጥ የሚቆለፈው በር ግን ብቻውን ሊነገርለት ይገባል። ማስጠንቀቂያውን እኛም አይተነዋልና።

የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በረራ ቁጥር 702፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሮምና ሚላን። ሌሊት ነው፤ 202 ሰው ተሳፍሯል። ዋናው አብራሪ ለመጸዳጃ ከክፍሉ ወጣ። ረዳት አብራሪው በሩን ከውስጥ ቆለፈ። አለቀ። ጠላፊን ለመከላከል የተሠራው በር አሁን የሚከላከለው ጠላፊውን ሆነ። ካፒቴኑ የራሱን አውሮፕላን በር ቢደበድብም የሚከፍትለት አላገኘም። አውሮፕላኑ ጄኔቫ አናት ላይ ሲዞር ቆይቶ ንጋት ላይ አረፈ። የጣልያንና የፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች አጅበውት ነበር፤ የስዊዘርላንዶቹስ ቢባል የአየር ኃይላቸው በዚያን ጊዜ የሚሠራው በቢሮ ሰዓት ብቻ ስለነበር አልተነሱም። (የእኛ ቀበሌ ብቻ መስሎን ነበር።) ረዳት አብራሪው በመስኮት በገመድ ወርዶ እጁን ሰጠ። ተሳፋሪ ሁሉ በሰላም ወረደ።

እሱን በተመለከተ አገር ቤት የነበረው ወሬ ብዙ ነበር፤ ገሚሱ ፖለቲካ አደረገው፣ ገሚሱ ቀልድ። የስዊዘርላንድ የፍትሕ አካላት በሕመም ምክንያት በወንጀል ሊጠየቅ አይችልም አሉ፤ እዚህ ደግሞ በሌለበት 19 ዓመት ከ6 ወር ተፈረደበት። ስለ በሩ ግን ያወራ ሰው ጥቂት ነው። ከዓመት ከአንድ ወር በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን 2015 እ.ኤ.አ.፣ የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን ከባርሴሎና ወደ ዱሰልዶርፍ ሲበር ዋናው አብራሪ ለመጸዳጃ ወጣ፤ ረዳቱ በሩን ቆለፈ። ቀሪውን ታውቁታላችሁ። አውሮፕላኑ ሆን ተብሎ ከአልፕስ ተራራ ጋር ተላተመ፤ 150 ሰው ሞተ። አንድ ዓይነት በር፣ አንድ ዓይነት ሰዓት፤ ልዩነቱ የእኛው ሰው ማረፍ ፈልጎ ነበር፣ ያኛው አልፈለገም። «አብራሪ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ አይቅር፣ አንዱ ሲወጣ አስተናጋጅ ይግባ» የሚል ምክር በአውሮፓ የተሰጠው ከ150ው ሰው ሞት በኋላ እንጂ ከጄኔቫው በኋላ አይደለም። ጄኔቫ ላይ ሰው አልሞተማ! ሰው ያልሞተበት ትምህርት ለማንም ትምህርት አይመስለውም። ያቺ ምክር ራሷ ብዙ አልቆየችም፤ የጀርመን አየር መንገዶች በ2017 እ.ኤ.አ. ተዉአት።

እንግዲህ ለእናትየው ጥያቄ ያገኘነው መልስ እንዲህ ያለ ነው። ፍተሻው የሚጠብቃት ከ1965ቱ ነው፤ ሽጉጥና ቦምብ በግልጽ ይዞ ከሚገባው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከ1989ኙ ግን አይጠብቃትም፤ ከ2006ቱ ደግሞ ጭራሽ ራሱ መሣሪያ ሆነ። በሦስቱም ላይ ተሳፋሪን ያተረፉት፣ ከተረፉ፣ ቁስለኛ አውሮፕላን የሚያሳርፉ፣ ትእዛዝ ሲሰሙ እሺ ብለው በዘዴ ወደ ደሴት የሚጠመዝዙ፣ ጀልባቸውን ይዘው የሚሮጡ ሰዎች ናቸው። ለእነዚህ ሥልጠናና ዕረፍት፣ ለአብራሪው አእምሮም ሐኪም፣ የሚወጣው ገንዘብ ለተሳፋሪ ዓይን አይታይም። የፍተሻው ሰልፍ ግን ይታያል፤ ሹም ሲጎበኝም ያምራል።

ይህን ስናስብ ደግሞ ሐሳባችን ከአየር ወረደና እዚያው መናኸሪያችን ተመለሰ። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአገራችን መንገድ በየዓመቱ ሰው በሺዎች ይሞታል፤ የሚሞተው ደግሞ በቦምብ አይደለም። በፍጥነት ነው፣ በትርፍ ጭነት ነው፣ ሌሊት ሳይተኛ አድሮ መሪ በሚይዝ ሾፌር ነው፣ ባለቀ ጎማ ነው። መናኸሪያው በር ላይ የእኛ ዘንቢል ይፈተሻል። የአውቶቡሱን ጎማ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ያየነው ሰው ግን የለም። ሾፌሩን «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?» ያለውም የለም። ፈታሿ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች፤ ቅቤውን እንኳ አሽትታለች። እንድትፈትሽ የታዘዘችው እኛን ነው።

ልጅቷ በሰላም ደረሰች፤ ቅቤውም ደረሰ። እኛና እናትየው በማግሥቱ ወደ ሐዋሳ ተመለስን። አዲስ አበባም መናኸሪያ ላይ ተፈተሽን፤ ባዶው ዘንቢል ተከፍቶ ታየ። ዝዋይን አልፈን ሾፌሩ አንድ እጁን ስልኩ ላይ አድርጎ ከፊቱ ያለውን ከባድ መኪና ሊቀድም ሲወጣ፣ አውቶቡሱ ውስጥ የነበርነው ሁላችን መቀመጫችንን ጨበጥን እንጂ ትንፍሽ አላልንም። እናትየው ብቻ ከሦስተኛው ረድፍ ብድግ አሉ።

«አንተ ልጅ! ስልኩን አስቀምጥ። ትናንት አንድ ልጅ በአየር ሰድጃለሁ፣ ዛሬ እኔ በመንገድ አልቀርም።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸው፤ ረዳቱ ሊመልስ አፉን ከፍቶ ተወው። ስልኩ ዳሽቦርዱ ላይ ሆነ። ሻሸመኔ እስክንደርስ ሲጮኽ ሰምተነዋል፤ አላነሳውም።